ሥርዓተ ፆታ በጤና አገልግሎት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካርድ ክፍል ወረፋ ላይ፣ ታክሲ ውስጥና ቡና ላይ ደጋግሜ የሰማኋቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምር።

«ሥርዓተ ፆታ» ሲባል ሴቶች ማለት ነው?

አይደለም። ፆታ ይዘነው የተወለድነው ነው። ሥርዓተ ፆታ ግን እኛው የደነገግነው ነው፦ ማን ውሃ ይቀዳል፣ ማን ገንዘብ ይይዛል፣ ማን መጀመሪያ ይበላል፣ ማን «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያድጋል። ጤና ላይ ሁለቱም እጃቸው አለበት።

የደም ማነስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። በዚያው ዕድሜ ካሉ ወንዶች ደግሞ 15 በመቶው። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት የወር አበባና እርግዝና ነው። ሌላውን ትሪው ላይ ፈልጉት። ሥጋው ወደ ማን ፊት እንደሚገፋ፣ ድስቱን ጠርጋ የምትበላዋ ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

ጤና ጣቢያው ለወንድም ለሴትም ክፍት ነው። ታዲያ ምኑ ነው እኩል ያልሆነው?

በሩ ክፍት ነው። ጥያቄው ማን እዚያ በር ድረስ ይደርሳል ነው።

የጤና ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት ነገር አለ። የመጀመሪያው ለመሄድ በመወሰን መዘግየት ነው፣ ሁለተኛው በመንገድ፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ አገልግሎቱን በማግኘት። መንገድና መድኃኒት ሲጎድል ሁሉም ያያል። የመጀመሪያው ግን ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው። ምጥ ሌሊት ይጀምራል። አማት «እኔ ሰባት ልጅ እዚሁ ጎጆ ውስጥ ነው የወለድኩት» ይላሉ። ባል ገበያ ሄዶ አልተመለሰም። የትራንስፖርት ብር ያለው እሱ ኪስ ነው። ልጆቹን የሚይዝ ሰው መፈለግ አለበት። ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረምሶች ሲሰባሰቡ ይነጋል። እዚህ ውስጥ «ሴት አትታከም» ያለ አንድም ሰው የለም። ሆኖም አልታከመችም።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። በ2016ቱ ጥናት ነፍሰ ጡር ከነበሩት ሴቶች 62 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ የባለሙያ ክትትል አግኝተዋል። በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ግን 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለክትትል በእግሯ የሄደችው ሴት ለመውለድ አልተመለሰችም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት የተቋም ወሊድ 48 በመቶ ደርሷል። ለውጡ ትልቅ ነው። ጥሩ ከሠሩት ነገሮች አንዱ ደግሞ ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የተሠራችው የእናቶች ማቆያ ናት። ሩቅ ያለች እናት ምጧ ሳይመጣ ቀደም ብላ እዚያ ትከርማለች። ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። አንዳንዱ ይህን እንደ ማባበያ ያየዋል። እኔ ግን ቁም ነገሩ እሱ ነው እላለሁ፤ ሴትዮዋ ቤቷ የቀረባትን ነገር ማሰብ ፖሊሲ ነው።

የመዘግየቱን ዋጋ ማየት የፈለገ ፊስቱላን ያስታውስ። ምጥ ለቀናት ሲጓተት የሚመጣ ጉዳት ነው፤ ሽንት መቆጣጠር ያቅታል፣ ከዚያ መገለል ይከተላል። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ካትሪን እና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል የከፈቱት ለዚህ ነው። በሐምሊኖቹ እጅ የፊስቱላ ሕክምና ያገኙት ማሚቱ ጋሼ ኋላ ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያ ሆነዋል።

ሕጉስ ምን ይላል?

ወረቀቱ ላይ መጥፎ አይደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሙሉ በሙሉ የሴቶች መብት ነው። ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከል የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156) ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለምርመራ ስትሄድም ደመወዟ አይቆረጥም።

በዚያው አዋጅ ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን! ከእሱ በኋላ ወንዶች ለምን ልጅ ለክትባት አይወስዱም ብሎ መገረም ያስቸግራል።

ወሊድ ነፃ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን እንከፍላለን?

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል፣ የቤተሰብ ምጣኔና ክትባት ከክፍያ ነፃ ናቸው። የፊስቱላ ሕክምናም እንዲሁ። ችግሩ ያለው ዙሪያው ላይ ነው። መድኃኒት ሲያልቅ ወረቀት ተጽፎ «ከውጭ ግዙ» ይባላል። ሪፈር ሲጻፍ የመኪናው፣ የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ ይመጣል። ስለዚህ «ነፃ» የተባለውን አገልግሎት የራሷ ገንዘብ የሌላት ሴት አሁንም ብር ለምና ነው የምታገኘው።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይህን ለማቅለል ይረዳል። ልብ በሉ ግን፤ አባልነቱ በቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው ሲለያዩ ደብተሩ ማን ጋ እንደሚቀር ጠይቁ። ሴቶች ስም ሲያስመዘግቡ የራሳቸውና የልጆቻቸው ስም መስፈሩን፣ ደብተሩም የት እንደሚቀመጥ ቢያረጋግጡ ይበጃል።

የእርግዝና መከላከያ ለመውሰድ የባሌ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። እንክብሉም፣ መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም፣ ሉፑም በራስሽ ውሳኔ ነው። ያላገባችም ሴት ታገኛለች። ባለሙያው «ባለትዳር ነሽ?» ብሎ ከጠየቀ ለመዝገቡ እንጂ ለፈቃድ መሆን የለበትም።

ከባልሽ ጋር መነጋገሩ ጥሩ አይደለም እያልኩ አይደለም። አብዛኛው ሰው ተነጋግሮ ነው የሚወስነው። ነገር ግን መነጋገር ሌላ፣ ማስፈረም ሌላ። ብዙ ሴቶች መርፌውን የሚመርጡት ለምን ይመስላችኋል? ቤት ውስጥ የሚቀመጥ እንክብል ስለሌለው፣ ማንም አያየውም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለምን ሴቶች ሆኑ?

ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ወንድ ባለሙያ ቤት ለቤት ዞሮ ስለ ወር አበባና ስለ ወሊድ መከላከያ ቢያወራ በር አይከፈትለትም። ስለዚህ ከዚያው አካባቢ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ተመለመሉ። አንድ ዓመት ሠለጠኑ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፣ የመንግሥት ደመወዝም ይከፈላቸው ጀመር። በአርብቶ አደር አካባቢ የተማሩ ሴቶች ሲጠፉ ወንዶችም ገቡ።

ይህ ነገር የብዙ ገጠር ሴቶችን ሕይወት ለውጧል። ክትባቱን፣ ክትትሉን፣ መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር የገፉት እነሱ ናቸው። ቦርሳዋን አንግታ ጭቃ ለጭቃ የምትሄድ የ20 ዓመት ልጅ ለመንደሩ ሴት ልጆች ሌላ ትምህርትም ነበረች፤ ደመወዝ ያላት ሴት።

ግን ሌላም ገጽ አለው። ጤና ኬላው ውስጥ ውሃና መብራት ላይኖር ይችላል። ብቻዋን ረጅም መንገድ ትሄዳለች፤ ስጋቱን ማንም አይቆጥርላትም። ከእሷ በታች ደግሞ «አንድ ለአምስት» ተብለው የተደራጁት የልማት ቡድን ሴቶች አሉ። እነዚህ ያለ ክፍያ ነው የሚሠሩት። ጎረቤት ይቀሰቅሳሉ፣ ነፍሰ ጡር ይቆጥራሉ፣ ስብሰባ ይሄዳሉ። ለሴቶች ጤና ተብሎ የሴቶችን ጊዜ በነፃ መውሰድ እኩልነት ነው ወይ? ለእኔ አይደለም። ወንዶቹ ቢሆኑ አበል ይጠየቅ ነበር።

ባለቤቴ ስትወልድ አብሬ መግባት እችላለሁ?

አብሯት የሚሆነውን የምትመርጠው ወላዷ ናት፤ እናቷ፣ እህቷ ወይም አንተ። የመረጠችው ሰው አጠገቧ ሲሆን ምጡም ይቀላል፣ እንግልቱም ይቀንሳል። በተግባር ግን በብዙ ቦታ ማዋለጃው አንድ ክፍል ነው፣ አልጋዎቹ ጎን ለጎን ናቸው። መጋረጃ ከሌለ አንተን ማስገባት ሌላዋን ወላድ ማጋለጥ ነው። ለዚህ ነው ባሎች ፔርሙስ ይዘው ውጭ አግዳሚ ላይ የሚያድሩት።

መጋረጃ ስንት ብር ነው? ይህን ጥያቄ አንድ አዋላጅ ነርስ ጠይቃኝ ታውቃለች። መልስ አልነበረኝም።

ሴት ሐኪም እንድታየኝ መጠየቅ ነውር ነው?

ምንም ነውር የለውም። ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል፤ ተረኛዋ አንዲት ከሆነች መጠበቅ ይኖራል። ቢያንስ ግን ብቻሽን እንዲያነጋግሩሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ይህ ከሐኪሙ ፆታ በላይ ዋጋ አለው ብዬ የማምንበት ምክንያት አለኝ።

ከዓመታት በፊት አክስቴን ከገጠር አምጥቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። እሳቸው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ቀና ብሎ እኔን ጠየቀኝ፦ «የት ጋ ነው የሚያማቸው?» እኔም «ሆዳቸውን» አልኩ። አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ሽንትና ሰገራ ታዘዘ፣ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጠንና ተመለስን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለእህቴ፣ ያውም ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ ነገሯት። ማህፀናቸው ወደ ታች ወርዶ ነበር። ከመጨረሻ ልጃቸው ጀምሮ፣ ማለትም ለ19 ዓመት ይዘውት ኖረዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ትርፍ ሰው እኔ ነበርኩ። «እስቲ አንዴ ውጣልን» ቢለኝ ኖሮ በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር።

የሴቶች ጤና ሲባል ለምን እርግዝና ብቻ ይሆናል? ያልወለድነውስ?

ትክክለኛ ቅሬታ ነው። በጀቱም፣ ፖስተሩም፣ ሪፖርቱም ሴትን የሚያውቃት አርግዛ ስትመጣ ነው። የ16 ዓመቷ የወር አበባ ሕመም «ስትወልጂ ይተውሻል» ይባላል። የ55 ዓመቷ ላብና እንቅልፍ ማጣት ስም እንኳ የለውም። ደም ግፊትና ስኳር ግን ወላድና መካን አይለዩም።

ካንሰርን ብንወስድ፣ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፣ የማህፀን በር ካንሰር ይከተላል። ሁለተኛው በአብዛኛው መከላከል የሚቻል ነው። ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በ2018 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። ቅድመ ምርመራውም ቀላል ነው፤ የማህፀን በር ላይ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤ ዘመድ፣ ተቀብቶ የሚነጣ ቦታ ካለ ይታያል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ጤና ጣቢያ ለሌላ ጉዳይ ስትሄዱ «ይህ ምርመራ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል።

ወንዶችስ? ስለ እኩልነት ሲወራ እኛ የት አለን?

አላችሁ፤ ወረፋው ላይ ግን አትታዩም። ሴት በክትትልና በክትባት ሰበብ ዓመቱን ሙሉ ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች። በዚያው ኤች አይ ቪ ትመረመራለች፣ ደም ግፊቷ ይለካል። ጤነኛ የመሰለው ወንድ ግን የሚያስገባው በር የለም። ሲወድቅ ነው የሚመጣው። «ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» እያለ ሳንባ ነቀርሳ ይዞ የሚሠራ ስንቱ ነው።

ኤች አይ ቪ ላይ ሁለቱም ነገር ይታያል። በ2016ቱ ጥናት ቫይረሱ ከሴቶች 1.2 በመቶው፣ ከወንዶች ደግሞ 0.6 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ሴቷ በተፈጥሮም በአቅም ማጣትም ይበልጥ ትጋለጣለች። የሚስቱን ነፃ ውጤት አይቶ «እንግዲያውስ እኔም ነፃ ነኝ» የሚል ባል ግን ራሱን አልተመረመረም። አንዱ ነፃ ሆኖ ሌላው ቫይረሱ ያለበት ባልና ሚስት ብዙ አሉ። ለወንዶች የሚሆን ሰዓት፣ ለምሳሌ ከሥራ በኋላ ወይም ቅዳሜ፣ መክፈት ለወንድ ማድላት አይደለም።

ጥቃት ከደረሰብኝ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ነው ወይስ ሐኪም ጋ?

ሐኪም ጋ። ሰዓቱ ስለሚቆጥር። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም እስከ አምስት ቀን ይሠራል፣ እሱም በቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። ከተቻለ ሳትታጠቢ ሂጂ፣ የለበስሽውን ልብስ በወረቀት ከረጢት ያዥ። ሕክምናው የፖሊስ ደብዳቤ መጠበቅ የለበትም። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ኋላ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ሲጻፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን ባንድ ጣሪያ ያሰባሰበ ማዕከል አለ። ታሪኩን በየቢሮው ደጋግሞ መናገርን ይቀንሳል።

ከባዱ ጥያቄ ጥቃት አድራሹ ባል ሲሆን ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጭ አድርጎ ነው። ስለዚህ ሕጉ ለሚስት ጀርባውን ሰጥቷል። ሐኪሙ ግን መስጠት የለበትም፤ ቁስልም መድኃኒትም የጋብቻ ወረቀት አይጠይቁም። አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ሲሶ ያህሉ፣ 34 በመቶ፣ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው በ2016ቱ ጥናት ተናግረዋል። ያው ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ወይ ብሎም ጠይቋል። ከሴቶች 63 በመቶ፣ ከወንዶች 28 በመቶ «አለ» ብለዋል። አዎ፣ ሴቶቹ ይበልጣሉ። «ማን መታሽ?» ብላ የማትጠይቅ ነርስም ከዚሁ ማህበረሰብ ነው የወጣችው።

ፅንስ ማቋረጥ በሕግ ይፈቀዳል?

በመርህ ወንጀል ነው፣ ግን ሰፊ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 የሚፈቅዳቸው፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል የተፈጠረ ከሆነ፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ እንዲሁም ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጣዩን አንቀጽ ነው። ለመደፈር ማስረጃው የሴቲቱ ቃል ነው። የፍርድ ውሳኔ አምጪ አትባልም። ይህን ባለማወቅ መንደር ለመንደር መፍትሔ የፈለጉ ስንቶቹ ናቸው ያለቁት። በእምነቱ ምክንያት አልሠራም የሚል ባለሙያ ካለ ወደሚሠራው መላክ አለበት እንጂ ስብከት መስጠት ሥራው አይደለም።

መድኃኒቱስ? እሱ እንኳን ለሁሉም አንድ አይደለም?

አይደለም፣ እዚህ ጋ ብዙዎች ይገረማሉ። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው በ1977 እ.ኤ.አ. መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይካተቱ መመሪያ አውጥቶ ነበር። ይህ የተነሳው በ1993 ነው። ሐሳቡ ፅንስን መጠበቅ ነበር። ውጤቱ ግን በወንድ አካል የተለካ መጠን ለሴት መስጠት ሆነ። ዞልፒደም የተባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት ብናይ፣ ለሴቶች የሚታዘዘው መጠን በግማሽ እንዲቀነስ የተባለው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱ በሴቶች ደም ውስጥ ቆይቶ ጠዋት መኪና ሲነዱ አደጋ ያመጣ ነበር።

የልብ ሕመምም እንዲሁ ነው። የደረት ሕመም የሁለቱም ዋና ምልክት ነው። ሴቶች ላይ ግን ማቅለሽለሽ፣ ከባድ ድካም፣ የመንጋጋ ወይም የጀርባ ሕመም አብሮ ይበዛል። ይህ ሲነገር «ጨጓራ ነው» ወይም «ጭንቀት ነው» ተብሎ የምትሸኝ ሴት ብዙ ናት።

የጤና ባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ምን ቀረ?

ወንበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ደረጃ ከጤናና ማህበራዊ እንክብካቤ ሠራተኞች 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው፣ ከከፍተኛ አመራሩ ግን ሩብ ያህል ብቻ። እኛ አገር ዶክተር ሊያ ታደሰም ዶክተር መቅደስ ዳባም የጤና ሚኒስትር ሆነው አይተናል፣ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ገብታችሁ ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንደተቀመጠ፣ ሻይ ማን እንደሚያዞር ተመልከቱ።

ውጭ አገር ነው ያለሁት፤ ባሌ ወይም ልጄ ቢያስተረጉሙልኝ ምን ችግር አለው?

ለጉንፋን ችግር የለውም። ስለ ማህፀን፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ወይም ስለ እርግዝና ከሆነ ግን ትልቅ ችግር አለው። አክስቴን አስታውሱ። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የዜጎች መብት ሕግ መሠረት ቋንቋውን ለማትችል ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። በስልክም በቪዲዮም ይሆናል።

ካልተተረጎመ ምን እንደሚመጣ በእስራኤል ታይቷል። ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ምንነቱ በቅጡ ሳይገባቸው ተሰጠን ብለው አቤት አሉ። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር፣ ሴቲቱ ትርጉሙን አልተረዳች ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ካለ መርፌው እንዳይደገም ሐኪሞችን አዘዘ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው በኋላ በግድ የተሰጠ ስለመሆኑ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። «በግድ አልነበረም» እና «ገብቷት ተስማምታለች» ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ቀጠሮ ስታስይዙ ገና በስልክ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል» በሉ። ልጃችሁ አብራችሁ ከመጣች ደግሞ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ውጭ ትቀመጥ።